ላቪንግ ካውንቲን ከቃሉ ወረዳ ጎን ሲያስቀምጡ

ከሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲያዩ ባዶ መሬት አይገኝም። ቆርቆሮ ጣሪያው ከማሳው፣ ማሳው ከቦርከና ወንዝ ዳር አትክልት ጋር ተያይዟል። ይህን የለመደ ሰው የአሜሪካን ገጠር በቁጥር ሲያነብ ይደናገራል፤ ያየው አኃዝ የትየባ ስህተት ይመስለዋል። ምሳሌ የማደርገው በምዕራብ ቴክሳስ፣ በኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለውን ላቪንግ ካውንቲን ነው።

ካውንቲ ከእኛ ከወረዳ ጋር ይቀራረባል፤ ሸሪፉን (የፖሊስ አለቃውን) እና የአስተዳደር ኃላፊዎቹን ግን ነዋሪው ራሱ ይመርጣል። የላቪንግ የየብስ ስፋት 669 ስኩዌር ማይል ነው። ወደ ካሬ ኪሎ ሜትር ለመቀየር በ2.59 ማባዛት ነው፤ 1,733 ገደማ ይመጣል። ሰው የሚሳሳተው የሕዝብ ጥግግቱን፣ ማለትም በአንድ ስኩዌር ማይል ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳየውን ቁጥር ሲቀይር ነው፤ እሱ በ2.59 ይካፈላል እንጂ አይባዛም። ስፋት ሲወስዱም የየብሱን ብቻ ይያዙ፣ ጠቅላላው ውኃውንም ይጨምራል።

በ2020 (በፈረንጆቹ) ቆጠራ የተመዘገበው ሕዝብ 64 ነው። ስልሳ አራት ሰው። ለአንድ ሰው 27 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። በደቡብ ወሎ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው ቃሉ ወረዳ 851.54 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ የላቪንግን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በመጨረሻው ቆጠራ ግን 186,181 ሰው ነበረው፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 218 ከምናምን። ቃሉ በላቪንግ ልክ ቢሰፈርበት ኖሮ ከሐርቡ እስከ ደጋን ድረስ 31 ሰው ብቻ ይኖር ነበር።

ምክንያቱ ውኃ ነው። ኮምቦልቻ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ላቪንግ የሚያገኘው የዚያን ሲሶ እንኳ አይሆንም። ምዕራባዊ ወሰኑ የሆነው የፔኮስ ወንዝ ጨዋማ ስለሆነ እንደ ቦርከና ጓሮ አያለማም። የካውንቲው መቀመጫ ሜንቶን የመጠጥ ውኃ ለአሥርት ዓመታት ከሌላ ቦታ ይመላለስላት ነበር። እንዲህ ባለ መሬት ላይ እርሻ ቤተሰብ አያኖርም፤ የሚያዋጣው ሰፊ ግጦሽ የሚፈልግ የከብት እርባታና ከምድር በታች ያለው ነዳጅ ነው።

ነዳጁ ሰው ያመጣል፣ ሰው ግን አይተክልም። በ1940 ካውንቲው 285 ሰው ነበረው፤ በ1970 164፣ በ2000 67፣ በ2010 82። አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ያስተናግዳል፤ ሠራተኛው ግን የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ በሚኖርበትና በሚያድርበት ቦታ ስለሆነ ቤቱ ሌላ ካውንቲ ከሆነ እዚያው ይመዘገባል። ስለዚህ 64 የሚያሳየው ነዋሪውን እንጂ መንገድ ላይ የሚታየውን ሰው አይደለም።

በመቶኛም አትታለሉ። ከ82 ወደ 64 መውረድ 22 በመቶ ነው፤ ጥፋት ይመስላል፣ የጎደለው ግን 18 ሰው፣ ምናልባት አምስት ስድስት ቤተሰብ ነው። ደግሞ በ2020 የግለሰብ ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ከግዛት በታች ባሉ አኃዞች ላይ ጥቂት መዛነፍ ሆን ተብሎ ተጨምሯል። 64 ሲባል እስከ አንድ ሰው ድረስ ትክክል ነው ብሎ መከራከር አያስኬድም።

የእኛን ቁጥር ሲያመጡ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ዘመን አቆጣጠሩ ነው። «የ2007 ቆጠራ» የሚባለው የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠቀሰው ሁሉ ትንበያ ነው። ከአሜሪካ የ2020 ቆጠራ ጎን ሲያስቀምጡት የ13 ዓመት ልዩነት እንዳለ ይጻፍ።

ሁለተኛው ወሰኑ ነው፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የምሰጋው በዚህ ነው። ለደሴ በዚያው ቆጠራ 151,174ም 120,095ም ሲጻፍ ታያላችሁ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ያካትታል፣ ሁለተኛው የከተማ ነዋሪውን ብቻ ነው። ኮምቦልቻም እንዲሁ 85,367 እና 58,667 ተብላ ትጻፋለች። ደሴ ዙሪያ ደግሞ 157,679 ሕዝብ ያለው ራሱን የቻለ ወረዳ ነው፣ ከደሴ ጋር አይደመርም። ቃሉም የኮምቦልቻን ሕዝብ አይጨምርም። ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት የየትኛው ወሰን እንደሆነ ከጎኑ አስፍሩ።