ሰኔ 30፣ ካዝና ሲቆጠር

ዋና ኦዲተር በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ፤ በ1987ቱ ደግሞ አንቀጽ 101 ላይ ሰፍሯል። ክልሎችም የራሳቸው አላቸው፤ የሰበታና የሱሉልታ የክልል መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ የኦሮሚያ ዋና ኦዲተርን ይመለከታል።

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ካዝናው የሚቆጠረው ገንዘብ ያዡ ባለበት ነው። ከዚያ የሞዴል 64 (የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ) ቀሪዎች በተራ ቁጥራቸው ይታያሉ፤ ድምሩ ከባንክ ገቢ ማድረጊያው ጋር ይመሳከራል። አንድ ቁጥር ከጎደለ እዚያው መቆም ነው። የተሰረዘ ደረሰኝ ዋናው ከነቅጂዎቹ ጥራዙ ላይ ካልተገኘ ተሰርዟል ብሎ መቀበል አይገባም፣ ገንዘብ የሚሰወረው በዚህ ቀዳዳ ነውና። ካዝና ውስጥ የተገኘ የ«ተበድሬአለሁ» ወረቀትም ጉድለት እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም።

ለዕቃ ግዢ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ክፍያውን መቅደም አለበት። ቀኑ ከክፍያው በኋላ ከሆነ፣ መጋዘን ወርዶ ዕቃውን በዓይን ማየት።