ኖዛዋ ኦንሰን፦ በፍልውሃው መንደር የት ልብላ፣ ምን ልጠጣ?

ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ጃፓን የሚጓዝ ሰው ስለ ጫማው፣ ስለ ጓንቱና ስለ ቁልቁለቱ ዓይነት አብዝቶ ይጠይቃል፤ እራቱን ግን የሚያስበው ሲርበው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በናጋኖ ግዛት በምትገኘው ኖዛዋ ኦንሰን በደረስኩበት ዕለት ፍልውሃ ገብቼ፣ ጥቂት አሸልቤ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጎዳናው ወጣሁ። የእንጨት በር እየከፈትኩ አንገቴን ባስገባሁ ቁጥር ሞቅ ያለ የሾርባ እንፋሎት ፊቴን ይመታኛል፤ ወዲያውም አስተናጋጁ ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ቦታ እንደሌለ ያመለክተኛል። ስድስት በር ካንኳኳሁ በኋላ በረዶው ትከሻዬ ላይ ተከምሮ፣ ከአንዲት ሱቅ የገዛሁትን በባሕር አረም የተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል ይዤ ወደ ማረፊያዬ ተመለስኩ። በሁለት ክረምት ከዚያች መንደር ስለ ምግብና መጠጥ የተማርኩትን ሁሉ እዚህ የማሰፍረው፣ ያንን ምሽት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ስለምፈልግ ነው።

ኖዛዋ ኦንሰን ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ መዝናኛ ሳይሆን ሰው ተወልዶ የሚያድግበት መንደር ነው። “ኦንሰን” ማለት ፍልውሃ ሲሆን፣ በጠባቦቹ ጎዳናዎች መካከል ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያጸዷቸውና የሚያስተዳድሯቸው 13 የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች አሉ። የሸርተቴ ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ በ1998ቱ የናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክም የባያትሎን፣ ማለትም ሸርተቴንና ተኩስን ያጣመረው ውድድር የተካሄደው እዚሁ ነበር። ይህን የማነሳው ስለ ምግቡ ብዙ ስለሚያስረዳ ነው፦ ምግብ ቤቶቹ አብዛኞቹ አንድ ቤተሰብ በመኖሪያው ምድር ቤት የሚያስተዳድራቸው፣ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሰው ብቻ የሚይዙ ቤቶች ናቸው፤ ተራራው በበኩሉ በአንድ ቅዳሜ እነዚህ ወንበሮች ከሚችሉት እጅግ የበለጠ ሕዝብ ወደ መንደሩ ያወርዳል።

ስለዚህ እራት የሚወሰነው ጠዋት፣ ገና ሸርተቴው ከእግር ሳይገባ ነው። ቢቻል ከቀናት በፊት፣ ካልሆነም በዋዜማው፣ ያረፋችሁበት ቤት ባለቤት ስልክ ደውላ ቦታ እንድትይዝላችሁ ለምኗት፤ በጃፓንኛ የተደረገ አጭር የስልክ ጥሪ ከእኛ ብዙ ምልክትና ፈገግታ ይልቅ በር ይከፍታል። ወጥ ቤቶቹ በጊዜ ይዘጋሉ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ትዕዛዝ የሚቀበል ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከዚህ ጭንቀት ሙሉ በሙሉ መገላገል የሚፈልግ ሰው ቁርስና እራት በኪራዩ ውስጥ የሚታሰብበትን ባህላዊ ማረፊያ ይምረጥ፤ ትልቁ ቤት “ርዮካን”፣ ቤተሰባዊው ደግሞ “ሚንሹኩ” ይባላል። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ አራቱን ሌሊት በሚንሹኩ በላሁ፤ ሁለቱን ብቻ በውጭ፤ ይህ ሚዛን ለእኔ ተስማምቶኛል። ምክንያቱም በሚንሹኩ እራት ማን ምን እንደሚያበስል አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሚቀርበው በዚያ ቀን ለዚያ ቤት ጥሩ የሆነው ነገር ነው።

ውጭ ለሚበላ ሰው ዋናው ቤት “ኢዛካያ” ነው፤ መጠጥ ቤት ቢሆንም ትንንሽ ሳህኖች በየተራ እየመጡ ሰው ጠግቦ የሚወጣበት ስፍራ ነው። ገና እንደተቀመጣችሁ ያላዘዛችኋት አንዲት ትንሽ ሳህን ትመጣለች። ይህች “ኦቶሺ” ትባላለች፤ የመቀመጫ ዋጋ ስለሆነች በሂሳቡ ላይ ጥቂት መቶ የን ትጨመራለች። ስህተት ወይም ማጭበርበር አይደለምና መመለስ አይገባም። በአንጻሩ ጉርሻ የሚባል ነገር በጃፓን የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት የወጣችሁትን ገንዘብ አስተናጋጇ በበረዶ ውስጥ ሮጣ ልትመልስላችሁ ትችላለች። ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች ስላሉ ጥሬ የን መያዝ ያስፈልጋል።

በተራራው ላይ ያለው ምሳ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። በራፍ ላይ ከቆመው ማሽን ቲኬት ይገዛል፣ ቲኬቱ ለወጥ ቤቱ ይሰጣል፣ ቁጥሩ ሲጠራ ትሪው ይነሳል፣ ሲጨረስም ትሪው ወደ መመለሻው መስኮት ይወሰዳል። በሩዝ ላይ የፈሰሰ ወፍራም ካሪ፣ ራመንና ኡዶን የሚባሉ ባለ ሾርባ ኑድሎች በየቤቱ አሉ፤ ውሃና ሻይ በነፃ ነው። ዋናው ብልሃት ሰዓቱ ነው፦ ወይ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል በፊት ወይ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ መግባት። ሰው በሚበላበት ሰዓት ደግሞ ቁልቁለቱ ባዶ ስለሚሆን ትርፉ እጥፍ ነው። ጫፉ 1,650 ሜትር በሆነው በኬናሺ ተራራ ላይ፣ በያማቢኮ አካባቢ፣ መስኮቱን በረዶ ግማሽ ድረስ ሸፍኖት የጠጣሁትን ሚሶ (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ሊጥ) ሾርባ ግን ሳላነሳ አላልፍም፤ ጣቶቼ ሕይወት የዘሩት ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጄ አቅፌ በያዝኩበት በዚያች ቅጽበት ነበር።

የመንደሩ እውነተኛ ምግብ ያለው ከታች ነው፤ ስሙም የመንደሩ ስም ነው። “ኖዛዋና” ማለት የኖዛዋ ቅጠል ማለት ሲሆን፣ ከሥሩ ይልቅ ለረጅም ግንዱና ለቅጠሉ የሚተከል የጎመን ዘመድ ነው። የመንደሩ ሰዎች እንደሚተርኩት እ.ኤ.አ. በ1756 ገደማ የኬንሜይጂ ቤተ መቅደስ መነኩሴ ከምዕራብ ጃፓን ቴኖጂ የተባለ፣ ሥሩ የሚበላ የተርኒፕ ዘር ይዘው መጡ፤ ዘሩ በዚህ ብርድና በዚህ አፈር ሲበቅል ሥሩ ቀርቶ ቅጠሉ ረዘመ። በኅዳር ወር፣ በረዶው መሬቱን ከመዝጋቱ በፊት፣ ሴቶች ቅጠሉን በእቅፍ እየተሸከሙ ወደ ፍልውሃው ወስደው በሙቅ ውሃ ያጥቡታል፤ ከዚያም በበርሜል ውስጥ በጨው እየደረደሩ ድንጋይ ይጭኑበታል። በበረዶ ለተዘጋ መንደር ይህ የክረምቱ አትክልት ነበር።

ያረፍኩበት ቤት እመቤት፣ እዚያ “ኦካሚ” የሚባሉት፣ ከሻይ ጋር ያቀረቡልኝን ሳህን ዛሬም አልረሳውም። ግንዱ በጣት አንጓ ልክ ተቆርጦ እንደ ማገዶ ተደርድሯል፤ ጨው የዋጠው ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ ሲነከስ ድምፅ ያሰማል፣ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ እንደ ስናፍጭ ያለ ቀላል መቆጥቆጥ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ጣፋጭነት ይመጣል። ይህ በታኅሣሥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ስመለስ ያው ቅጠል ከዚያው ቤት ሲቀርብልኝ ቀለሙ ወደ ማር ተለውጦ፣ በበርሜሉ ውስጥ እየተብላላ ቆይቶ ኮምጥጦ ነበር። ኦካሚዋ አረንጓዴው የእንግዳ፣ ኮምጣጣው የመንደር ሰው ነው አሉኝ። እኔ ኮምጣጣውን መረጥኩ፤ በነጭ ሩዝ ላይ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ይኸው ፍልውሃ የመንደሩ ወጥ ቤትም ነው። ከመንደሩ ላይኛ ክፍል “ኦጋማ” የሚባል፣ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ምንጭ አለ፤ ነዋሪዎች አትክልትና እንቁላል ይቀቅሉበታል። አጥሩን ማለፍ የተፈቀደው ለነዋሪዎች ብቻ ስለሆነ እንግዳ ቆሞ ይመለከታል፤ ይህን ማክበር ግዴታ ነው፣ ውሃው ሰው ይገድላል። በአንዳንድ የሕዝብ መታጠቢያዎች አጠገብ ግን እንግዳ እንቁላሉን የሚቀቅልባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ሳይፈላ በ70 ዲግሪ አካባቢ ከቆየ አስኳሉ ይረጋል፣ ነጩ ግን እንደ እርጎ ይለሰልሳል፤ የእንቁላል ነጭ ሙሉ በሙሉ ለመርጋት ከአስኳሉ የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልግ ነው። ከአኩሪ አተር ሶስ ጥቂት ጠብታ አድርጎ በማንኪያ መብላት ነው።

ከሸርተቴ ሲወረድና እራት ገና ሲርቅ ደግሞ “ኦያኪ” አለ፦ በስንዴ ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ወይም የተጠበሰ፣ በመዳፍ ልክ የሆነ ዳቦ። በመንገድ ዳር የእንጨት መክደኛው ሲነሳ እንፋሎቱ ሻጯን ራሷን ይሸፍናታል። ውስጡ በሚሶ የተጠበሰ ኖዛዋና፣ ዱባ ወይም ጣፋጭ ቀይ ባቄላ ነው። ሁለት ግዙ፤ አንዱን ለመብላት፣ ሌላውን እስኪበሉ ኪስ ውስጥ እጅ ለማሞቅ።

ናጋኖ በጥንት ስሙ ሺንሹ ሲሆን፣ የሺንሹ ሶባ በመላው ጃፓን ስሙ የተጠራ ነው። ሶባ ባክዊት ከሚባል፣ ስንዴ ካልሆነ እህል ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ኑድል ነው። በብርድ ቀን ቀዝቃዛውን እዘዙ ስላችሁ ብትገረሙም እውነቴን ነው፤ በቀርከሃ ወንፊት ላይ የቀረበው ቀዝቃዛ ሶባ የእህሉን መዓዛ እንዳለ ይሰጣል፣ በሾርባ ውስጥ ግን መዓዛው ይሰወራል። በጎረቤቷ ኢያማ ከተማ በምትገኘው በቶሚኩራ ደግሞ ሶባውን የሚያያይዙት በስንዴ ሳይሆን “ኦያማቦኩቺ” ከሚባል የዱር ተክል ቅጠል በወጣ ጭረት ነው፤ ጥርስ ላይ የሚሰማው ጥንካሬ ከሌላው ይለያል። ሲጨርሱ ሶባው የተቀቀለበት ሙቅ ውሃ በማሰሮ ይመጣል፤ በቀረው ሶስ ላይ ጨምሮ መጠጣት ነው። ባክዊት ክፉ አለርጂ የሚያስነሳባቸው ሰዎች ስላሉ ራሱን የማያውቅ ሰው ይጠንቀቅ።

ለጿሚ አንባቢ አንድ ቃል አለኝ፤ የሸርተቴው ወቅት ከነቢያት ጾምም ከዐቢይ ጾምም ጋር ይገጥማል። በጃፓን ሥጋና ወተት የሌለበትን ምግብ ማግኘት ቀላል ሲሆን፣ ችግሩ ያለው በሾርባው ላይ ነው፦ “ዳሺ” የተባለው የሾርባና የሶስ መሠረት ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፣ ሚሶ ሾርባም የሶባ ሶስም በዚሁ ይሠራሉ። ባለ ባቄላ ኦያኪና ነጭ ሩዝ ግን አያሳስቡም፤ ለሚንሹኩ አስቀድሞ ከተነገረ ደግሞ የሚያስቡላችሁ ብዙ ናቸው። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ የናጋኖ ሰዎች የፈረስ ሥጋ በጥሬው መብላታቸው ነው። በምግብ ዝርዝር ላይ “ባሳሺ” ወይም “ሳኩራ ኒኩ” የሚል ካያችሁ የፈረስ ሥጋ ነው፤ የማትበሉ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሙስሊም ወገኖቼም በሶሶች ውስጥ የሩዝ ወይን እንደሚገባ ይወቁ።

መጠጡን በተመለከተ፣ በጃፓን መጠጥ የተፈቀደው ከ20 ዓመት ጀምሮ ነው። ናጋኖ የሳኬ (የሩዝ ወይን) ጠማቂዎች ከሚበዙባቸው ግዛቶች አንዱ ስለሆነ ሌላ ቦታ ከሚሠራው ይልቅ የአካባቢውን ሳኬ መጠየቅ ይሻላል፤ ጥንካሬው ወደ 15 በመቶ ይጠጋል፣ በትንሽ ማሰሮ ሞቆ ሲቀርብ ግን ለስላሳ ስለሚመስል ያታልላል። የራስን ጽዋ ራስ መቅዳት የለም፤ ለጎረቤት ትቀዳላችሁ፣ እሱም ይቀዳላችኋል። ቢራ ለሚወድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው አንግሎ ጃፓኒዝ ብሪዊንግ የተባለው ጠማቂ የተነሳው ከዚህችው መንደር ነው፤ ኦዩ በተባለው ታላቁ መታጠቢያ አጠገብ ያለችው ሊቡሺ የተሰኘች ጠባብ ቤቱ ቆሞ ለመጠጣት ትመቻለች። አልኮል ለማይጠጣ “አማዛኬ” አለ፤ ከሩዝና ከኮጂ እርሾ የሚወጣ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ትኩስ መጠጥ ነው። ከሳኬ አተላ የሚሠራው ዓይነት ግን ጥቂት አልኮል ስላለው መጠየቅ ያስፈልጋል። መጠጥ ከፍልውሃው በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ ያ ውሃ እጅግ ሙቅ ነው፣ ጠጥቶ የገባበትን ሰው ይጥላል። መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይጠጣ፤ የጃፓን ሕግ አብሮ የተሳፈረውንም መጠጡን የሰጠውንም ይቀጣል።

ጥር 15 በፈረንጆቹ የዶሶጂን የእሳት በዓል ነው። ብዙዎቹ የመንደሩ ወንዶች በሥርዓቱ ስለሚሳተፉ በዚያ ምሽት ከማንም ወጥ ቤት ብዙ አትጠብቁ፤ ቀደም ብላችሁ ብሉና ውጡ። በእሳቱ ዙሪያ ሳኬ ለእንግዳው ሁሉ ይታደላል።

በመጨረሻው ጠዋት ኦካሚዋ በጋዜጣ የጠቀለሉትን አንድ ከረጢት ኮምጣጣ ኖዛዋና በእጄ አስያዙኝ። ኢያማ ባቡር ጣቢያ የሚያደርሰው አውቶቡስ የሚወስደው 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ከመምጣቱ በፊት በመጠበቂያው ወንበር ላይ ከረጢቱን ፈታሁትና ከሱቅ በገዛሁት የሩዝ ድቡልቡል በላሁት፤ በመጀመሪያው ምሽት እራቴ ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ነበር።