አንዲት ግብ ብቻ ያገባው አምበል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዶኔዢያ የተካሄደውን የእስያ ጨዋታዎች የወንዶች እግር ኳስ ፍጻሜ በቅጂ ተመለከትን። ደቡብ ኮሪያ ጃፓንን 2 ለ 1 ማሸነፏን አስቀድሜ ባውቅም፣ መደበኛው 90 ደቂቃ ያለ ግብ ሲጠናቀቅ ልቤ እንደ አዲስ ይመታ ጀመር።

ውድድሩ ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች ሲሆን፣ ከዚያ ዕድሜ ካለፉት ከተፈቀዱት 3 ተጫዋቾች አንዱ የደቡብ ኮሪያው አምበል ሰን ሁንግ ሚን ነበር። በአገሩ ሕግ ጤነኛ ወንድ ሁሉ ሁለት ዓመት ገደማ በውትድርና የማገልገል ግዴታ ስላለበት፣ ከዚህም ነፃ ከሚያወጡት ጥቂት መንገዶች አንዱ በዚህ መድረክ ወርቅ ማግኘት በመሆኑ፣ በወቅቱ የእንግሊዙ ክለብ የቶተንሃም ተጫዋች ለነበረው ለሰን ያ ምሽት ቀላል አልነበረም።

በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ሰን በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ኳሱን እየገፋ ሳለ፣ የቡድን ጓደኛው ሊ ሱንግ ዉ ከእግሩ ሥር ወስዶ በግራ እግሩ አክርሮ መረብ ላይ አሳረፋት። ሁለተኛዋንም ህዋንግ ሂ ቻን በግንባሩ ያስቆጠራት ሰን ካሻማው ቅጣት ምት ነበር። ሌላው የቡድኑ ተጫዋች ህዋንግ ኡይ ጆ በውድድሩ 9 ግቦች ሲያስቆጥር ሰን ያገባው አንዲት ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከየትኛውም የቶተንሃም ግቡ ይልቅ ለቡድን ጓደኞቹ ሲያመቻች ያየሁት ሰን ይበልጥብኛል። ወንድሜም ሳይናገር የሊን ግብ ወደ ኋላ መልሶ ሦስት ጊዜ አየው።