ባቲ በኤሌክትሪክ ጊታር

ደሴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ትናንት ማታ የሰማሁት ጊታር እስካሁን አልለቀቀኝም። ቤት ሳጸዳም ቡና ሳፈላም እሱኑ እየሰማሁ ነው የዋልኩት። ካደረ ሌላ ነገር ይሆንብኛል ብዬ፣ አቦሉን እንደጠጣሁ ለመጻፍ ተቀምጫለሁ።

የመጡት አንጋፋ ሙዚቀኞች ናቸው። ባንዱ ቋሚ ስም የለውም። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በየሆቴሉና በየክበቡ ይጫወቱ የነበሩ፣ ባንዶቻቸው ሲበተኑ ገሚሱ ውጭ ወጥቶ ገሚሱ አገር ቤት የቀረ ሰዎች ናቸው። አሁን ተፈላልገው ተገናኝተው፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወታሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ይህ የግል ማስታወሻዬ ነው፣ እነሱንም አላስፈቀድኩም። ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራምና አንድ ሳክስፎን ናቸው። ከድራመሩ በቀር የሁሉም ፀጉር ነጭ ነው።

ለምን እንዲህ እንደነካኝ ለመጻፍ ከወንድሜ መጀመር አለብኝ።

ሮክን ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ተቀጥሮ ደሞዝ መያዝ ሲጀምር ባለሁለት ካሴት ቴፕ ገዛ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ቤታችን የሳንታናና የጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። እኔ ቋንቋውን ባላውቅም ጊታሩ ይገባኝ ነበር። ሊድ ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን በባዶ አየር ላይ ያንቀሳቅሳል፤ እኔ ደግሞ ቦታው እንዳያልፈኝ ከጓሮ ሮጬ እገባለሁ። እማዬ ግን አትወደውም። «አጥፋው ይሄን ጩኸት፣ የቤቱን አድባር ታስበረግገዋለህ!» ትላለች፤ እሱ ድምፁን ሲቀንስ፣ እሷ እንዝርቷን እያሾረች የራሷን ማንጎራጎር ትቀጥላለች። ሁለቱ ድምፆች ባንድ ቤት ውስጥ እየተገፋፉ ነው ያደግሁት። አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የፈረንጅ። ሁለቱን እኩል መውደዴ ለማንም የማልነግረው ነገር ነበር።

ስለ አገራችን ባንዶች ያወቅሁት በኋላ ነው፣ እሱንም ከካሴት ሽፋን ላይ። ፊት ለፊት የድምፃዊው ትልቅ ፎቶ አለ፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «ሙዚቃ፦ ሮሃ ባንድ» ይላል። እኔ እሷን መስመር ነበር የምፈልገው። አይቤክስ የነበረው ስብስብ ሮሃ ሆነ፤ ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ስዩም ይጫወቱ ነበር። ዋሊያስ ባንድ ደግሞ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ከአዳራሽ የሚወጣ ሰው ስላልነበረ እስኪነጋ ይጫወቱ እንደነበር ትልልቆቹ ይናገራሉ። የዋሊያስ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ባንዱ አሜሪካ ሄዶ ሲበተን ዋሽንግተን ቀረ፤ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ጀርባ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በስተርጅና እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። የዚህን ሰው ታሪክ ሳስብ ሁሌም ደረቴ ሞቅ ይላል። ማንም ሳይሰማው፣ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ እጁን ከሙዚቃው ሳይለይ ኖረ!

እንግዲህ ትናንት የመጡት የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ወንበሩም የሠርግ ኪራይ ወንበር። እኔ የገባሁት ገና ሳውንድ ቼክ ላይ እያሉ ነበር፣ ወደድኩት። ቤዝ ጊታሩን የያዙት ሰውዬ አንድ ኖታ መትተው ዝም ይላሉ፤ ድራመሩ በእግሩ አንዴ ይመልስላቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሌላ ኖታ ይመታሉ። ከመድረኩ ማዶ ለማዶ ሆነው፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ተስማሙ።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በቺክቺካ ምት አለፉ። ሰው እያጨበጨበ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ገና ነው። ሳክስፎን የሚጫወቱት ጋሼ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሐረጉን በአጭር በአጭሩ ያስቀምጡታል፤ ክፍተቱን ኪቦርዱ ይሞላዋል። አጠገቤ የነበረ ልጅ «ደክመዋል» ሲል ሰማሁት። አልተስማማሁም። ወጣት ሙዚቀኛ ቦታውን ሁሉ በድምፅ መሙላት ይወዳል፤ እነዚህ ሰዎች የትኛው ኖታ ቢቀር እንደማይጎድል ያውቃሉ። ይህ ድካም ከሆነ እንደነሱ መድከም ያድለኝ።

ከዚያ ድራሙ ቆመ።

ሊድ ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ሰውዬው ቀጠን ያሉ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እግራቸው ስር ያለችውን ፔዳል በጫማቸው ጫፍ ጫን አደረጉ፤ ያ ሸካራ፣ እሳት የነካው የሮክ ድምፅ መጣ። የወንድሜ ካሴት ድምፅ! አንድ ሐረግ ተጫወቱ፣ ደገሙት፣ በሦስተኛው ላይ ጣታቸው ክሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና ኖታው እየተለጠጠ፣ እየተለጠጠ ሄዶ ቦታው ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ «እህ!» አለ። ባቲ ነው። ከዚህ ቁልቁል፣ ኮምቦልቻን አልፎ ያለው፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ሰኞ ሰኞ ገበያው ላይ የሚገናኝበት የዚያ የባቲ ቅኝት። ሙሉ በሙሉ ሮክ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ደግሞ ባቲ።

ወንድሜ አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፣ ያኔ አልገባኝም። ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት ከሲ ቢነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው። የሮክና የብሉዝ ጊታሪስት ገና ጊታር ሲይዝ መጀመሪያ የሚለማመዳቸው አምስት ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ክራርና ማሲንቆ ላይ ድምፆቹ ከኪቦርዱ ትንሽ ሸርተት ስለሚሉ፣ የአገሩ ሰው የሚሰማው ልዩነት አለ፤ ትናንት ሰውዬው ክሩን እየገፉ ይፈልጉት የነበረውም እሱን ይመስለኛል። በፍሬቶቹ፣ በጊታሩ አንገት ላይ በተደረደሩት ብረቶች መሀል የሌለውን ድምፅ በጣታቸው ጉልበት እያወጡት ነበር። እማዬና የወንድሜ ቴፕ ሲገፋፉ የኖሩት ባንድ አይነት አምስት ድምፅ ላይ ኖሯል።

እንባዬ መጣ። አላፈርኩም፤ ከፊቴ የነበሩት ሼህም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲያብሱ አይቻለሁ።

ቀጥሎ አንዲት የደሴ ድምፃዊት ጋብዘው አምባሰል ተጫወቱ። አምባሰልን እዚህ መጫወት ድፍረት ይጠይቃል፤ ማሪቱ ለገሰን ያወጣ አገር ነው፣ ጆሮው ቀላል አይደለም። ደግሞም ከውጫሌ ወገን የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አምባሰል ቅኝት ብቻ ሳይሆን ቤታቸው ነው። ባንዱ ይህን አውቋል። ሊድ ጊታሩ ፔዳሉን አጠፋ፤ ቤዙ ብቻ ከስር፣ እንደ በገና ዝቅ ብሎ። አንዲት እናት ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ተቀበይኝ!» አሏትና ሰጧት፦

አምባሰል ተራራው ጉም ለብሶ ሲያረፍድ፣
ልቤ ቀድሞኝ ደርሷል እግሬ ገና ሳይሄድ።

ልጅቷ ተቀብላ ስታወርደው ባንዱ ጠበቃት። ሁለተኛውን ስንኝ ደጋግማ ልታቆየው ስትፈልግ እነሱም አብረዋት ቆዩ፤ ስትጨርስ አብረዋት ወረዱ። እዚህ ላይ ነው የእውነተኛ ባንድ ነገር የሚገባው። አሁን በየዝግጅቱ የለመድነው አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ነው፤ ምቱ አስቀድሞ ተሞልቶ ተቀምጧል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ይሄዳል። ወጪው ስለሚቀል እንደሆነ ይገባኛል፣ የሚሠሩትንም አልወቅስም። ግን ያ መሣሪያ እኚያን እናት አይጠብቃቸውም ነበር። ግጥማቸውን ሳይጨርሱ ምቱ ጥሏቸው ይሄዳል።

ከጦርነቱ በኋላ በዚህ ከተማ ብዙ ሰው ባንድ ላይ ተሰብስቦ ሲዘፍን መስማት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ሲጨርሱ ወደ መድረኩ ጠጋ አልኩ። ሊድ ጊታሩ ዕቃቸውን ራሳቸው ይሰበስባሉ፤ እያንዳንዱን ክር ከላይ እስከ ታች በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። የግራ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ጠንክሮ እንደ ቆዳ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ባቲን እንዲህ ከማን ተማሩት?» አልኳቸው።

«ከወሎ ማሲንቆ መቺዎች ነው የኔ ልጅ። እነሱ ሲጫወቱ እቀመጥና ቤቴ ገብቼ በጊታር እፈልገዋለሁ። ብዙ ዓመት ፈለግሁት።»

«ዛሬስ አገኙት?»

ፈገግ አሉ። «ዛሬ አንድ ቦታ ላይ አገኘሁት መሰለኝ። ሰዎቹ ‹እህ› ያሉ ጊዜ።»

አብሽሩ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ ብዬ፣ እጃቸውን ጨብጬ ወጣሁ።

ፒያሳ ሳልደርስ ለወንድሜ ደወልኩለት። አሁን አዲስ አበባ ነው። ከእንቅልፉ ቀስቅሼው እንኳን አልተቆጣም፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን አይነት ጊታር ነው የያዙት?» ብሎ ነው። አላየሁም ስለው አዘነብኝ። ከዚያ በስልኬ የቀዳሁትን ላክሁለት፤ ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ «ደግሜ ደግሜ እየሰማሁት ነው» ብሎ ጻፈልኝ።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬም አሰማኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ባቲ ነው ብዬ አልነገርኳትም፤ በሁለተኛው ሐረግ ላይ ራሷ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች። ሲያልቅ ግን ስልኩን መለሰችልኝና «ሰውዬው ያውቃል። መጨረሻው ላይ ግን ተጣደፈ፤ ባቲ ሲወርድ እንዲህ አይጣደፍም» አለችኝ። እኔ መጣደፉ ነው የሚያምረው እላለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሮኩ አሸነፋቸው፣ ያሸንፋቸውም። እማዬ አልተቀበለችኝም። ይኸው ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፣ እኛ አሁንም እየተከራከርን ነው። ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው እንደሚመጡ ነግረውናልና ያኔ ይዣት እሄዳለሁ፤ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ፣ የምትለውን ለራሳቸው ትንገራቸው።