ጣሪያ ቆጥሮ ሰው ቆጠርኩ ማለት

ኦፕን ቢልዲንግስ የተባለው የጉግል የሕንፃ መረጃ ስብስብ ሦስተኛ እትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሳተላይት ምስል የለቀማቸውን 1.8 ቢሊዮን ገደማ የሕንፃ ቅርጾች ይዟል፤ የአፍሪካ ከተሞችም አሉበት። ለፕላን ባለሙያ ትልቅ ሀብት ነው። ግን የሚቆጥረው ጣሪያ እንጂ ቤተሰብ አይደለም።

የአዲስ አበባን የቀበሌ ቤቶች ውሰዱ። ግድግዳ ይጋራሉ፣ ቆርቆሯቸው ተያይዟል፤ ሞዴሉ አምስት በር ያለውን አንድ ቤት ሊለው ይችላል። ተከራይና ደባልማ ከሰማይ አይታዩም። በዚህ ቁጥር የቦኖ ውኃ ወይም የመልሶ ማልማት ምትክ ቤት ከተመደበ የሚጎድለው ከድሃው ሰፈር ነው።

እያንዳንዱ ቅርጽ ሞዴሉ ሕንፃ መሆኑን ምን ያህል እንደተማመነበት የሚያሳይ ከ0.65 እስከ 1 የእርግጠኝነት ነጥብ አለው። ስህተት ለመቀነስ ተብሎ ተቀባይነት የሚያገኘው ዝቅተኛ ነጥብ ወደ 0.8 ከፍ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ተንጠባጥበው የሚቀሩት ትንንሽና ደብዛዛ ጣሪያዎች ናቸው። ይልቅ ከየሰፈሩ ዓይነት ጥቂት ብሎኮችን በዕጣ አውጥታችሁ በእግር ዙሩ። በር ቁጠሩ፣ በየበሩ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ጠይቁ (ማዕድ ቤት መቁጠር አያዋጣም፣ የጋራ ነው)። ምስሉ መቼ እንደተነሳም እዩ፤ የፈረሰ ሰፈር ካርታው ላይ ቆሞ ይገኛል። የካርታው ቁጥር ከእግር ቆጠራችሁ የሚለይበትን ስህተት ለቪላውና ለቆርቆሮው ሰፈር ለየብቻ አስሉ፤ አማካይ ጉዱን ይሸፍናል። የምደባው ዝርዝርም ከመጽደቁ በፊት ወረዳው ላይ ተለጥፎ አቤቱታ ይሰማበት፣ መልሱንም ሰው ይስጥ።