አሮጌ ድልድይ ለመሬት መንቀጥቀጥ ስፈትሽ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መስመር፣ ወደ ቦርከና ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ ላይ ያለ አሮጌ ድልድይ መሬት ቢናወጥ ይችል እንደሆነ እንድፈትሽ ሥራው ደረሰኝ። ፕላኑ የለም። የኮንክሪት ጊርደሮች፣ ማለትም መንገዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች፣ በድንጋይ ግንብ ምሰሶዎች ላይ አርፈዋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የኮንክሪቱን ጥንካሬ ነው። ሽሚት ሀመርም (በንጥረቱ ጥንካሬ የሚገምት መዶሻ) ተመታ፣ ኮርም (ተቦርቡሮ የሚወጣ የኮንክሪት ናሙና) ወጣ፤ ውጤቱ ደህና ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ግን የጊርደሩ ጫፍ ምሰሶው ላይ በምን ያህል ስፋት እንደተቀመጠ ነው። ምሰሶውና ከላይ ያለው አካል በአንድ ምት አይወዛወዙም፤ መቀመጫው ጠባብ ከሆነ ምንም ያልተሰነጠቀ ጊርደር ተንሸራትቶ ይወርዳል። የተለመደው ስሌት ከ200 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ በእያንዳንዱ ሜትር የድልድይ ርዝመት 1.7፣ በእያንዳንዱ ሜትር የምሰሶ ቁመት 6.7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ለ20 ሜትር ርዝመትና ለ8 ሜትር ምሰሶ ወደ 29 ሳንቲ ሜትር ነው። ንዝረት በሚበረታበት አካባቢ ደግሞ በ1.5 ይባዛል። መሰላል ላይ ወጥቼ ስለካ፣ የተሸረፈው ጠርዝ ሲቀነስ፣ ከዚያ በብዙ ያንሳል።

በአካባቢው ያሉ አንድ አባት «አብሽሩ፣ ይሄ ድልድይ ስንት ጎርፍ ችሏል!» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ግን ጎርፉ የት ድረስ እንደቆፈረ ስጠይቃቸው ድሮ አፈር የሸፈነውን የምሰሶ እግር በእጃቸው አሳዩኝ። ለካ ምሰሶው ባለፉት ክረምቶች «ረዝሟል»፤ ስለዚህ የሚፈልገው መቀመጫም ሰፍቷል። ይህን የትኛውም መሣሪያ አይነግረኝም ነበር።

ስጋቱ የወረቀት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ካራ ቆሬ ደግሞ በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የግንባታ ኮድ በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቅን ንዝረት ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ድልድዩ ከሁለቱም ይቀድማል።

የምሰሶውን ራስ በኮንክሪት ማስፋትና ጊርደሮቹን በብረት ገመድ ማሰር የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ግንቡ ውስጥ ብረት ስለሌለ ማስፊያውን ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ብሎን ማጥበቅ ግድ ነው፤ ዝም ብሎ የተለጠፈ ኮንክሪት አይረባም። ይህ በጀት ይጠብቃል። በጊርደሮቹ መጋጠሚያ ታጭቆ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያግዳቸውን አፈርና ጠጠር ማውጣት ግን አካፋና የግማሽ ቀን ሰው ብቻ ይበቃዋል፤ እሱን በማግስቱ አስጀመርነው።