በሬ የሚዞርበት ድንጋይ

መንዝ ውስጥ ለግንባታ በተከለለ መሬት ላይ የቅርስ ዳሰሳ እንድሠራ ተልኬ ነበር። ዶዘር ከመግባቱ በፊት መሬቱን አይቶ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መፈረም ነው ሥራው። ሁለት ቀን ተሰጠኝ፤ አንዱን ጉም በላው።

በማግሥቱ ገበሬዎቹን ሰብስቤ «እዚህ ቅርስ አለ?» አልኩ። «የለም» አሉ ባንድ ቃል። አንዱ እንዲያውም ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን እያሳየ «ብራናው እዚያ ነው» አለኝ። ማሳው መካከል ወገብ የሚደርስ ክብ የድንጋይ ክምር ነበር፤ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ፎቶ አንሥቼ ቅጹ ላይ «ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ» ብዬ ፈረምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሎደሩ ክምሩን ለመሠረት ሙሌት ሲጭን ከሥሩ ገል፣ ዶቃና አጥንት ወጣ። ተጠርቼ ስደርስ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባቴ፣ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«ቅርስ አልህ እንጂ ስለ ድንጋዩ መቼ ጠየቅህ? ለመሆኑ ልጄ፣ ገበሬ የለቀመውን ድንጋይ ወሰን ላይ ይጥላል እንጂ ማሳው መካከል ይቆልላል? አያቴም አባቴም በሬ ያዞሩት በዙሪያው ነው።»

አፈርኩ። እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ስንቱን ድንጋይ ወሰን ላይ ጥያለሁ!

ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» የሚሉትን (ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም) አንብቤ አውቀዋለሁ። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ደጋ የኖሩ፣ ክርስቲያንም እስላምም ያልሆኑ ሰዎች ሙታናቸውን ከሸክላና ከዶቃ ጋር በድንጋይ ክምር ሥር ይቀብሩ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያየሁት ግን ተቆፍሮና ተጠርጎ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ቁጥቋጦ የለበትም።

መሐንዲሱ «ያኛውን ጎን ትተን በዚህ እንቀጥል» ቢልም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና እንዳለ መጠበቅ አለበት። ሎደሩ ቆመ። ሁለት ገልባጭ ሙሉ ግን ቀድሞ ተደፍቶ ተዳምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው «በሬ የምታዞሩበት ምን አለ?» ብዬ ነው። ባለፈው መልሱን ጽፌ ለመጨረስ ሁለት ገጽ ፈጀብኝ፤ ቅጹ ላይ ለመልስ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ነው።